ፋይላችንን ማን ይጠብቅልን?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ማስቀመጫ ነው። የእህል ጎተራ ወይም የልብስ ሻንጣ እንዳይመስላችሁ፤ የፋይል ማስቀመጫ ነው። «ለሱማ ምን ጽሑፍ ያስፈልጋል? ፍላሽ ግዙ!» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ፍላሽንም እናውቃለን። ኮምፒውተር ቤት ለፕሪንት ገብቶ፣ የያዘውን ፎልደር ሁሉ ቫይረስ «ሾርትከት» አድርጎበት የሚወጣ ፍላሽ ያላየ ተመራቂ ካለ እጁን ያውጣ።

ጉዳዩ ለእኛ ቀልድ ብቻ አይደለም። የጋዜጠኝነት ተመራቂዎች ነን፤ ያለን ሀብት የጻፍነውና የቀዳነው ነው። በጻፍነው እንጀምር። ከመካከላችን ሦስታችን ከምርቃት በኋላ የመጀመሪያ እንጀራችንን ያገኘንበት አንድ ድረ ገጽ ነበር። (ስሙን አንጠራም፤ ባለቤቱ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘን ቡና ይጋብዘናል።) ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ ደመወዝ ዘገየ፣ ቀጥሎ የሰርቨሩ ኪራይ ተቋረጠ፣ በመጨረሻ የድረ ገጹ ስም ዓመታዊ ክፍያ ሳይታደስ ቀረ። አድራሻውን ሌላ ሰው ገዛው። ዛሬ የጽሑፎቻችንን ሊንክ ብትከፍቱ የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ይቀበላችኋል። ሥራ ስናመለክት «የታተመ ሥራችሁን አሳዩን» ሲሉን የምናሳየው እንግዲህ እሱን ነው።

የቀዳነው ነገር ደግሞ የበለጠ ያሳስበናል። አራተኛ ዓመት ሳለን ለመመረቂያ ሥራችን ብለን አራት ኪሎና አካባቢዋ ይሠሩ ከነበሩ ጋዜጣ አዟሪዎችና አከራዮች ጋር ያደረግናቸው 41 ቃለ ምልልሶች አሉን። ለታናናሾቻችን ማስታወሻ፦ ጋዜጣ የሚከራይበት ዘመን ነበር። አንባቢው ሳንቲም ይከፍላል፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያነባል፣ አጥፎ ይመልሳል። የትኛው ርዕስ እንደ ትኩስ ዳቦ እንዳለቀ፣ የትኛው ጋዜጣ ከእጃቸው እንደተለቀመ፣ ማን ቆሞ አንብቦ ሳይከፍል እንደሄደ ከአዘጋጆቹ ይልቅ የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ካነጋገርናቸው መካከል አራቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ድምፃቸው ያለው በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ሃርድ ዲስኩም ሰሞኑን ሲበራ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል።

ከመካከላችን የኮምፒውተር ነገር የሚሆንለት ልጅ «ለምን ክሪፕቶ ላይ አናስቀምጠውም?» ያለን በዚህ ሰሞን ነው። የሌሎቻችን የመጀመሪያ ጥያቄ «የጎረቤታችንን ብር ይዞ የጠፋው ክሪፕቶ?» የሚል ነበር። እሱ ሳቀብን፣ እኛም ማንበብ ጀመርን። ያነበብነውን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ።

ቤቱ ሲፈርስ

አስቀድመን የሚያጽናና ባይሆንም አብሮን የሚያለቅስ እንዳለ እንወቅ። ያሁ የተባለው ኩባንያ የሚሊዮኖች የግል ገጾች የነበሩበትን ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. በ2009 ዘጋው። ማይስፔስ እ.ኤ.አ. ከ2015 በፊት የተጫኑለትን የአሥራ ሁለት ዓመታት ዘፈኖች ሰርቨር ሲያዛውር እንዳጠፋቸው እ.ኤ.አ. በ2019 አመነ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት ደግሞ፣ በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ ሊከፈቱ አልቻሉም። የሀብታም አገር ድረ ገጽም ይፈርሳል ማለት ነው።

ለምን ይፈርሳል? አዲስ አበባ ውስጥ ቤት እንዴት እንደምንጠቁም ታውቃላችሁ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብለህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊው በር።» ወፍጮ ቤቱ በፈረሰ ማግስት ጥቆማው ገደል ይገባል። የለመድነው ኢንተርኔትም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሊንክ የሚነግረን ፋይሉ የት ቤት እንደተቀመጠ ነው፤ ፋይሉ ምን እንደሆነ አይነግረንም። ቤቱ ፈርሶ ሌላ ከተሠራበት ያው ጥቆማ እኛን ውርርድ ቤት ያደርሰናል።

አይፒኤፍኤስ የተባለው ሥርዓት ጥቆማውን ይገለብጠዋል። ሁዋን ቤኔት የመሠረተው ፕሮቶኮል ላብስ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ፋይል ከራሱ ይዘት በሒሳብ የሚወጣ አሻራ አለው፤ የሚፈለገውም በአሻራው ነው። «ሰማያዊው በር ጋ ያለውን ሰው ጥሩልኝ» በማለት ፋንታ «ይህ አሻራ ያለው ሰው የትም ይሁን የት ይምጣ» እንደማለት ነው። ቅጂው ያለው ማንኛውም ኮምፒውተር «እኔ ጋ አለ» ብሎ ይመልሳል። ለእኛ ሙያ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ከጽሑፉ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትነሳ አሻራው ይለወጣል። ሌሊት ገብቶ አንቀጽ ቆርጦ፣ ጠዋት «ድሮም እንዲህ ነበር» ማለት አይቻልም።

ይህ የወረቀት ላይ ተስፋ ብቻ አይደለም። ቱርክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 ዊኪፒዲያን ስትዘጋ የቱርክኛው ቅጂ በአይፒኤፍኤስ ተሰራጭቷል፤ እገዳው የተነሳው በጃንዋሪ 2020 ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ አፕል ዴይሊ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ሲዘጋ፣ ጋዜጠኛም ባለቤትም ያልሆኑ አንባቢዎች ድረ ገጹ ከመጥፋቱ በፊት ጽሑፎቹን እየለቀሙ አርዊቭ በተባለ መረብ ላይ አስቀመጡ። ይህን ስናነብ ዝም ብለን ተያየን። የእኛን ድረ ገጽ እንዲህ የለቀመለት አንባቢ አልነበረም።

ዋስ ጥሩ

የአይፒኤፍኤስ ድክመት አንድ ነው፦ ቅጂ የያዘውን ሰው የሚያስገድደው ነገር የለም። ፋይሉን ለመያዝ የፈቀደ ኮምፒውተር ከጠፋ አሻራው ብቻውን ይቀራል፤ ስሙ ተጠርቶ «አቤት» የሚል የለም። የክሪፕቶ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ ፋይሌን እንዲያስቀምጥልኝ ምን ያስገድደዋል? የፋይልኮይን መልስ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም፦ ዋስ ይጥራ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ሥራ በጀመረው በዚህ መረብ ውስጥ አስቀማጩ በመረቡ ገንዘብ ማስያዣ ያስይዛል። ከዚያም ፋይሉን አሁንም እንደያዘ በየ24 ሰዓቱ በሒሳብ ማስረጃ ያቀርባል። ማስረጃው ከቀረ ከማስያዣው ይቀጣል። ዳኛ የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ ጉቦ የለም።

ስቶርጅ የተባለው ሌላው መረብ የመረጠው ዘዴ ደግሞ እንዲህ ነው። ፋይሉ በላኪው ኮምፒውተር ላይ ይቆለፋል፤ ከዚያ በሒሳብ ዘዴ ወደ 80 ቁራጮች ተለውጦ በተለያዩ ሰዎች ኮምፒውተሮች ላይ ይበተናል። ከ80ዎቹ የትኞቹም 29ኙ ከተገኙ ፋይሉ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። 51 ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ቢያጠፉ፣ ቢሸጡ፣ ጎርፍ ቢወስድባቸው ፋይሉ አይነካም። አንዱን ቁራጭ የያዘ ሰው ደግሞ ምን እንደያዘ እንኳ አያውቅም።

እዚህ ላይ የግዕዝ መጻሕፍትን ያየ ሰው ፈገግ ይላል። የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ መጽሐፉን የሰረቀውም ሆነ የፋቀው የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝ ግዝት ይጻፋል። የዚያን ዘመን ማስያዣ ነፍስ ነበረች። የዛሬዎቹ ግዝቱን በቶከን ተኩት።

ባዶ ጎተራ

እስካሁን ካመሰገንን ትንሽ እንማ። (ያለ ሐሜት ቡና አይጠጣም።)

ፋይልኮይን ገና መረቡ ሳይሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በሸጠው ቶከን ወደ 257 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቧል። በኤፕሪል 2021 የአንዱ ቶከን ዋጋ ከ230 ዶላር አልፎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ ዋጋውን አጥቷል። መረቡ የሚሸልመው ቦታ ያዘጋጀን ሁሉ ስለነበር ብዙዎች የሰው ፋይል ሳይፈልጉ ባዶ ቦታ አሽገው ሽልማት ለቀሙ። ጎተራው ዓለምን የሚያክል ሆነ፤ በውስጡ የነበረው እህል ግን ጥቂት ነበር። በኋላ እውነተኛ ፋይል ለሚያስቀምጥ አሥር እጥፍ የሚያስቆጥር ሥርዓት የመጣው ይህን ለማረም ነው።

«ብሎክቼይን ላይ ነው» የሚለው ቃልም ያታልላል። ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ ገበያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ሲከስር፣ በእሱ በኩል ዲጂታል ሥዕል የገዙ ሰዎች የባለቤትነት ምልክታቸው በእጃቸው ቢቀርም ሥዕሉ ከዓይናቸው ጠፋ። ሥዕሉ የነበረው ለካ በኩባንያው ተራ ሰርቨር ላይ ነው። ካርታው በእጅ፣ ቤቱ የለም።

የአገራችንም ጣጣ አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ መገበያያ ብር እንደሆነና በክሪፕቶ መክፈል ሕገ ወጥ እንደሆነ አሳስቧል። ስለዚህ አዲስ አበባ ተቀምጠን ቶከን ገዝተን ኪራይ እንክፈል ማለት አይሆንልንም። የሚከፍልልን ዘመድ ውጭ አገር ካለ ግን «ማንንም የማያምነው» ቴክኖሎጂ በዘመድ እምነት ላይ ቆመ ማለት ነው። ከዚያም በላይ፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር አንረሳም። ፋይላችን በ80 አገር በሰላም ተኝቶ፣ እኛ ከበሩ ውጭ መቅረታችን ነው።

«ለዘላለም» ስንት ነው?

የፋይልኮይን ውል ጊዜ አለው፤ ካልታደሰ ያልቃል። የእኛን ድረ ገጽ የገደለውም ያልታደሰ ክፍያ ስለሆነ ይህ አላስደሰተንም። የአፕል ዴይሊ አንባቢዎች የመረጡት አርዊቭ ግን ሌላ ነገር ይላል፦ አንድ ጊዜ ክፈል፣ ለዘላለም ይቀመጥልሃል። የምትከፍለው ገንዘብ አብዛኛው ወደ ቋሚ ተቀማጭ ይገባና አስቀማጮች ወደፊት ከእሱ ይከፈላቸዋል። ስሌቱ ክፍያው በዛሬ ዋጋ የ200 ዓመት ማስቀመጫ ይሸፍናል፤ የማስቀመጫ ዋጋ በየዓመቱ ቢያንስ በግማሽ በመቶ ከቀነሰ ደግሞ ለዘላለም ይበቃል የሚል ነው። እስካሁን ዋጋው ከዚያ እጅግ በፈጠነ መንገድ ሲወርድ ኖሯል።

ስሌቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን «አንድ ጊዜ ሰጥቶ ለዘላለም» የሚለውን ሐሳብ እኛም አገር እናውቀዋለን። ነገሥታት ስማቸው በየዓመቱ እንዲታሰብ፣ ቅዳሴው እንዳይታጎል፣ መጻሕፍቱ እንዲጠበቁ ለአድባራትና ለገዳማት መሬት ጉልት ይሰጡ ነበር። ይህም ለዘላለም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ተወረሰ። አዋጁ ለገበሬው ምን እንደነበር ሌላ ጨዋታ ነው። ለዛሬው የሚበቃን ይህ ነው፦ ተቀማጩ ሄደ። መጻሕፍቱስ? ብዙዎቹ ቆዩ። ገቢው ሲቆም ጠባቂው በሩን ዘግቶ አልሄደም።

መጽሐፈ ሄኖክን ውሰዱ። በአረማይክና በግሪክ የተረፈው ቁርጥራጭ ነው፤ ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ ሊቃውንቱ ጠፋ ያሉትን መጽሐፍ አገኙ። ያቆየው ማን ነው? አንዱ ሲያረጅ ሌላ የሚቀዳ ቁም ጸሐፊ፣ የሚያስጽፍ ሰው፣ የሚያነበው ምዕመን። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮም ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነስተው ቅጂያቸው አዲስ አበባም ሚኒሶታም ተቀመጠ። ይህ ግን ሣጥን ውስጥ የተኛ ፊልም ሆኖ እንዳይቀር፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ አሥርት ዓመታት ቁጭ ብለው አንድ በአንድ እያነበቡ፣ ምን እንደሆነ እየጻፉ ዝርዝሩን ሠሩ።

ከዚህ የተረዳነው የሒሳብ ማስረጃው «ፋይሉ አለ» ሊል እንደሚችል ነው። «ይህ ፋይል ያስፈልገናል» የሚለውን ግን ሰው ነው የሚለው። ተቀማጩ ያለቀ ዕለትም ቢሆን ፋይሉን አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚያሻግረው ያ ሰው ነው።

ማጥፋት የማይቻል ሲሆን

እስካሁን የፈራነው መጥፋትን ነው። አለመጥፋትን እንድንፈራ ያስተማሩን አንዲት እናት ናቸው።

እኚህ እናት ከሃያ ዓመት በላይ ጋዜጣ አዙረዋል። የ1997ቱ ምርጫ አልፎ በ1998 ዓ.ም. ብዙ ጋዜጦች ሲዘጉ የደረሰባቸውን ነገር አውርተውልናል። ልጆቻቸው እንኳ አያውቁትም። መቅረጫውን ልናጠፋ ስንል እጃችንን ያዝ አድርገው «ልጆቼ፣ አጥፉት ያልኳችሁ ቀን ግን ታጠፉታላችሁ አይደል?» አሉን። «እናጠፋለን እማማ» ብለን ቃል ሰጠን።

አርዊቭ ላይ የተቀመጠ ፋይል አይጠፋም፤ የተሠራው ለዚያ ነውና። አይፒኤፍኤስ ላይ የወጣውንም ሌሎች ከቀዱት በኋላ «መልሱልኝ» ብሎ የሚጠሩበት ደወል የለም። መንግሥት እንዳያጠፋው ተብሎ የተሠራ ነገር እማማም እንዳያጠፉት ተደርጎ ተሠርቷል። አጥፊው ባለሥልጣን ይሁን ባለ ታሪኳ ራሷ ለይቶ አያውቅም።

የኮምፒውተር ነገር የሚሆንለት ወዳጃችን «ቆልፈን እናስቀምጠው፤ አጥፉ ሲሉን ቁልፉን እናጠፋለን» አለ። መልካም ሐሳብ ነው፤ ግማሽ ቀን ተከራከርንበት። ነገር ግን የዛሬ ቁልፍ ከሃያ ዓመት በኋላ ቁልፍ ሆኖ ይቆያል ወይ? ካታሎኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ፣ አዘጋጆቹ ድረ ገጻቸው ሲዘጋባቸው የመራጮችን መረጃ ቆልፈው በአይፒኤፍኤስ በተኑት። ሰው የምርጫ ጣቢያውን አገኘበት። ወዲያውም ባለሙያዎች ቁልፉ በግምት ሊፈታ እንደሚችል አስጠነቀቁ፤ የተበተነውን መሰብሰብ ግን አይቻልም ነበር። የእማማን ድምፅ በዚህ ዓይነት ውርርድ ውስጥ ማስገባት አልፈለግንም።

እንዲህ ወሰንን

ወዳጆቻችን፣ ረጅም ክርክር፣ ሁለት ኩርፊያና ብዙ ማኪያቶ ካለፈ በኋላ የደረስንበት ይህ ነው።

የታተሙ ጽሑፎቻችንን ከየኢሜይሉና ከየረቂቁ ለቅመን ያገኘነውን ያህል ሰብስበናል። እነዚህ ድሮም ለአደባባይ የወጡ፣ በስማችን የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ «ለዘላለም» ወደሚለው መረብ ይሄዳሉ። ክፍያውን ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የአንዳችን የአክስት ልጅ ትከፍላለች። (እትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ። ዕዳውን በበርበሬና በሽሮ እንከፍላለን።)

ድምፆቹ ግን አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። በሕይወት ላሉት ደውለን «ለዘላለም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናስረዳለን፤ «ሃሳብዎን ቢቀይሩ እኛም ማጥፋት አንችልም» ብለን። ያረፉትን ቤተሰቦቻቸውን እንጠይቃለን። እሺ ያላሉት፣ እማማን ጨምሮ፣ በሦስት አዳዲስ ሃርድ ዲስኮች ላይ ተቆልፈው በሦስታችን ቤት ይቀመጣሉ። አጥፉት ሲሉን ሦስት በር አንኳኩተን እናጠፋለን። ይህ ከመረቡ ያነሰ አስተማማኝ እንደሆነ እናውቃለን፤ የሰጠነውን ቃል የሚጠብቀው ግን ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከቁም ጸሐፊዎቹ ተውሰናል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና በመጋቢት፣ ተራ የደረሰው ሰው ፋይሎቹን ከፍቶ ያዳምጣል። ይከፈታሉ ወይ ብሎ ለማረጋገጥ ብቻ አይደለም። አዳምጦ ከእያንዳንዱ አንድ ገጽ ይጽፋል፤ ማን እንደተናገረ፣ ስለ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደገረመው። እኛ ስንበታተን (አንዷ ቪዛ እየጠበቀች ነው፣ አንዱ ሊያገባ ነው) የሚረከበን ሰው ሣጥኑን ብቻ ይዞ ግራ እንዳይጋባ ነው። የመጀመሪያው የመስከረም ተራ ለማን ደረሰ አትሉም? ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ።

እናንተስ? እልፍኝ ውስጥ የተረሳ የቆየ ጋዜጣ፣ ካሴት፣ የተዘጋ ድረ ገጽ ቅጂ ያላችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ሁለተኛ ቅጂ አድርጉ፤ ሦስተኛውን ለሚወደው ሰው ስጡ። ያንን የጠፋ ድረ ገጽ ሳይዘጋ የቀዳ አንባቢ ከመካከላችሁ ካለ ደግሞ፣ በናታችሁ አሳውቁን። ቡናው በእኛ ነው።

ቸር እንሰንብት።